ዕጢው ቆመ ማለት ዓይኑ ዳነ ማለት አይደለም

በቶሮንቶ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ሁለት ታላላቅ ሆስፒታሎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ። በቁጥር 555 ላይ ያለው በ1875 የተቋቋመውና «ሲክ ኪድስ» እየተባለ የሚጠራው የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በቁጥር 610 ላይ ያለው ደግሞ የፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ማዕከል ነው። በሲክ ኪድስ የሚታከም ልጅ ጨረር የሚያስፈልገው ሲሆን መንገዱን ተሻግሮ በፕሪንሰስ ማርጋሬት ይታከማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያቺን መንገድ ልጃቸውን ይዘው ከሚሻገሩት ወላጆች መካከል አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አለች እንበል። እንግሊዝኛዋ ለገበያና ለሥራ ይበቃታል፤ ለሐኪም ቤት ግን አይበቃትም። አባትየው ታክሲ ነጂ ነው፤ ከልጁ ጋር ሆስፒታል የዋለ ዕለት የዚያ ቀን ገቢ ይቀርበታል። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥን ሲያይ ከመስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነው፤ አንድ ዓይኑም ሸውረር ማለት ጀምሯል። «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ከዓይኑ ወደ አንጎሉ በሚሄደው ነርቭ ላይ ዕጢ መብቀሉ ተነገራቸው። ሕክምናው ተጀመረ፤ አለቀም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሐኪሙ ጥቁርና ነጭ ሥዕል በኮምፒዩተር እያሳየ «ዕጢው ቆሟል» አለ። ለማስተርጎም የመጣችው የአሥራ አንድ ዓመት እኅቱ ናት። «ድኗል አለ» ብላ ለእናቷ ነገረቻት። እናት እልል አለች። ዘመድ ተጠራ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ቡና ተፈላ። የልጁ ግራ ዓይን ግን ያው እንደደበዘዘ ነው። ስለ እርሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህ ለምሳሌ የቀረበ እንጂ የአንድ ቤተሰብ ገመና አይደለም። ነገር ግን በስደት አገር የታመመ ልጅ ያስታመመ ሁሉ ምሳሌው ከየት እንደተቀዳ ያውቀዋል። «ቆሟል» እና «ድኗል» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዕጢ የሚለካው በሥዕል ነው፤ ዕይታ ግን የሚለካው በፊደል ሰሌዳና በዓይን ሐኪም ነው። አንደኛው መልካም ሆኖ ሳለ ሌላኛው ሊከፋ ይችላል። ወላጅም ሆነ ማኅበረሰብ ይህን ልዩነት ካላወቀ የሚጎዳው ልጁ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ከዓይን ኳስ በስተኋላ እንደ ገመድ የተገመደ ነርቭ አለ። ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው እርሱ ነው። የግራውና የቀኙ ዓይን ነርቮች ከአንጎል ሥር ይገናኙና እንደ መስቀል ተላልፈው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ላይ የሚበቅለው ዕጢ «ኦፕቲክ ግሊዮማ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ነው። በዝግታ የሚያድግና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይዛመት በመሆኑ አብዛኞቹ ልጆች በሕይወት ይኖራሉ፤ ያድጋሉ። ክፋቱ ያለው ባረፈበት ቦታ ነው። ነርቩን ሲጫነው ዕይታ ይደበዝዛል፤ የሞተ የነርቭ ክር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ምልክቶቹ ቀላል ስለሚመስሉ ይዘነጋሉ። አንዱ ዓይን መሸውረር፣ ዓይን ያለማቋረጥ መርገብገብ፣ አንዱ ዓይን ወደ ውጭ መውጣት፣ ልጁ አንገቱን አዘንብሎ ማየቱ፣ ዕቃ እየሳተ መጋጨቱ፣ አንዳንዴም ያለ ዕድሜ የጉርምስና ምልክት መታየቱ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከሁሉም የሚያታልለው አንዱ ዓይን ብቻ ሲደክም ነው። ጤነኛው ዓይን የሌላውን ሥራ ጨምሮ ስለሚሠራ ልጁ አያማርርም፤ ወላጅም አያውቅም።

ከዚህ ዕጢ ጋር የተያያዘ አንድ የዘር በሽታም አለ፤ ስሙ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት አንድ ነው። ከሦስት ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት በዕይታ ነርቭ መንገድ ላይ ዕጢ ያበቅላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት በቆዳ ላይ ያሉ ጠፍጣፋ፣ ከቆዳው ቀለም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው። በአገር ቤት እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ልጅ «ማርያም የሳመችው ነው» ይባላል። አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ጉርምስና ያልደረሰ ልጅ ግን ከአምስት ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ስድስትና ከዚያ በላይ ካሉበት ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ለዚህ በሽታ ምልክቱን ያልተናገረ ቤተሰብ ዕድሉን ያበላሻል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ጨረር የሰጠውና የወሰደው

ለብዙ ዓመታት የዚህ ዕጢ ዋና መድኃኒት ጨረር ነበር። ካናዳም በጨረር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አላት። ኮባልት 60 የተባለው የጨረር ምንጭ ለካንሰር ሕክምና በመጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በ1951 በዚሁ በኦንታሪዮ በለንደን ከተማና በሳስካቱን ነው። የሳስካቱኑን መሣሪያ የሠሩት የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ጆንስ በ1956 ወደ ቶሮንቶ መጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፕሪንሰስ ማርጋሬት በሼርበርን ጎዳና ላይ ተከፈተ።

ጨረሩ ሲሰጥ አያምም። ልጁ እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተሠራ ጭንብል ይደረግለታል፤ ትንንሾቹ በማደንዘዣ ይተኛሉ። በአብዛኛው በየቀኑ 1.8 ግሬይ እየተከፋፈለ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ይሰጥና ጠቅላላው ከ50 እስከ 54 ግሬይ ይደርሳል። ዕጢውን በማቆም ረገድ ጨረር ኃይለኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ዕይታስ? እዚህ ላይ መልሱ ድብልቅ ነው። ጨረር ከወሰዱት ልጆች ብዙዎቹ ዕይታቸው በነበረበት ይቆያል፤ አንዳንዶቹ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዕጢው ቆሞም ይብስባቸዋል። የቆየ ጉዳት በጨረር አይጠገንም። ከዚህም ሌላ ጨረሩ ራሱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጉዳት ሕመም የለውም፤ ዕይታን ግን ይቀንሳል። በ54 ግሬይ አካባቢ እምብዛም አይደርስም፤ መጠኑ ከ60 ሲያልፍ ግን አደጋው ከፍ ይላል። የዓይን ብሌን መስታወት ጨረር ካገኘው ደግሞ የዓይን ሞራ ሊመጣ ይችላል፤ ይኸኛው በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

በ1993 የቶሮንቶው የጨረር ሐኪም ዴሬክ ጄንኪንና ባልደረቦቻቸው ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ጥናት አሳተሙ። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ክትትል፣ ቀዶ ሕክምና ወይስ ጨረር?» የሚል ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ርዕሱን በጥያቄ ምልክት ከዘጉት ወላጅ ለምን ለመጠየቅ ያፍራል?

ጥያቄው የተነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጨረሩ የሚያልፍበት ቦታ የሰውነት ሆርሞን ከሚታዘዝበት የአንጎል ክፍል አጠገብ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ አንዳንዱ ልጅ ቁመቱ ይቆማል፤ አንዳንዱ ያለ ጊዜው ይጎረምሳል፤ ሌላው ትምህርት ይከብደዋል። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ጠበው በልጅነት ስትሮክ የሚያመጡበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ የሚብሰው ከላይ በተጠቀሰው የዘር በሽታ በተያዙት ልጆች ላይ ነው። በ2006 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የዘር በሽታውና የነርቭ ዕጢው ያለባቸውን 58 ሰዎች መርምሮ ነበር። ጨረር ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ሌላ ተጨማሪ ዕጢ በቅሎባቸዋል፤ ጨረር ካልወሰዱት 40 ሰዎች ግን ሌላ ዕጢ የወጣባቸው 8 ናቸው። ዛሬ እነዚህን ልጆች በጨረር ማከም ሐኪሞች በተቻለ መጠን የሚሸሹት ለዚህ ነው።

መድኃኒት ተለወጠ፤ ጥያቄው አልተለወጠም

ዛሬ ምልክት የሌለው ልጅ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ይቆያል። ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ በቅድሚያ የሚታሰበው ኬሞቴራፒ ነው። በዚህ ረገድ የሲክ ኪድስ ሐኪሞች ስም በዓለም ይታወቃል። ቪንብላስቲን የተባለውን መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በመስጠት በ2012 እና በ2016 ያሳተሟቸው ጥናቶች በብዙ አገሮች ይጠቀሳሉ። ከዚያም ወዲህ የዕጢውን የጂን ለውጥ ለይተው የሚመቱ፣ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች መጥተዋል። ከእነዚህ ሁለቱን በአንድነት መስጠትን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 ያጸደቀ ሲሆን ለዚያ መሠረት የሆነውን ጥናት ከመሩት አንዱ የሲክ ኪድሱ ዶክተር ኤሪክ ቡፌ ናቸው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሲለወጥ የዓይኑ ጥያቄ አብሮ አልተፈታም። በ2016ቱ ጥናት ከነበሩት 54 ልጆች ውስጥ 87 ከመቶ በሚሆኑት ዕጢው ቆሟል ወይም አንሷል። በዕይታ ነርቭ መንገድ ላይ ዕጢ ከነበረባቸው መካከል ዕይታቸው የተሻሻለው ግን 20 ከመቶው ናቸው። የቀሩት ሁሉ ታወሩ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚናገሩት ነገር አለ። በ2012 በአሥር የሕክምና ማዕከሎች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የዘር በሽታው ያለባቸውንና ኬሞቴራፒ የወሰዱ ልጆችን ዕይታ መዝኖ ነበር። 32 ከመቶው ተሻላቸው፤ 40 ከመቶው ባሉበት ቆዩ፤ 28 ከመቶው ባሰባቸው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የዕጢው መጠንና የልጁ ዕይታ በደንብ እንደማይገጥሙም ይኸው ጥናት አሳይቷል። ዕጢው ሲያንስ ዓይኑ የደከመ አለ፤ ዕጢው ሳይለወጥ ዓይኑ የተሻለው አለ።

እዚህ ላይ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰሙ ሁለት አስተያየቶች መታረም ይገባቸዋል። አንደኛው «ጨረር መርዝ ነው፤ ልጄን አላስነካም» የሚለው ነው። ይህ ስሕተት ነው። ዕድሜው ከፍ ላለ፣ የዘር በሽታው ለሌለበት፣ በመድኃኒት ብቻ ዕጢው እምቢ ላለ ልጅ ጨረር ዛሬም ቦታ አለው። የዛሬው ጨረርም የዕጢውን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚሄድ ከድሮው ይልቅ ጤነኛውን ክፍል ይጠብቃል። ሁለተኛው አስተያየት «ፈረንጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን» የሚለው ነው። ይህም ስሕተት ነው። ሐኪም ዕጢውን ያውቃል፤ ልጁ ትናንት ደረጃ ሲወርድ እንደተደናቀፈ የሚያውቀው ግን ወላጁ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች ካልተገናኙ ሕክምናው ጎደሎ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ምን ይጠይቅ? ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የልጁ የሁለቱም ዓይን ዕይታ ለየብቻው ተለክቶ በጽሑፍ ተመዝግቧል ወይ? ዙሪያውን የማየት ችሎታውስ ተለክቷል? ሕክምናው የታሰበው ዕጢውን ለማቆም ነው ወይስ ዕይታን ለማዳን? የጂን ምርመራ ተደርጓል? ጨረር ከሆነ ለምን ሌላው ቀረ፣ መጠኑስ ስንት ነው? ከዚያ በኋላ የዓይን ሐኪም በየስንት ጊዜው ያየዋል? የሆርሞን ሐኪምስ? እነዚህ ጥያቄዎች ድፍረት አይደሉም፤ ሐኪሙም ይጠብቃቸዋል።

ለዚህ ሁሉ ግን ቋንቋ ያስፈልጋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የወንድሟን ዕጢ ማስተርጎም የለባትም። ቃሉን ስለማታውቀው ብቻ አይደለም፤ እናቷን ማስደንገጥ ስለማትፈልግ ክፉውን ታለሰልሰዋለች። ሲክ ኪድስ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት ብቻ ይበቃል። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀልለውም እንዲሁ በቋንቋው ይጠይቅ። እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በየዓመቱ የሚያደርጉትን የዓይን ምርመራ ደግሞ ኦሂፕ ይከፍላል። ለአዲስ ነዋሪ የነበረው የሦስት ወር የኦሂፕ ጥበቃ በመጋቢት 2020 ቀርቷል። በ2012 ተቆርጦ የነበረው የጥገኝነት ጠያቂዎች የፌዴራል የጤና ሽፋንም በ2016 ተመልሷል። ስለዚህ «ወረቀት እስኪያልቅ» ተብሎ የልጅ ዓይን አይቆይም።

ዝምታው

አስቸጋሪው ነገር ቋንቋ ብቻ ቢሆን በአስተርጓሚ ይፈታ ነበር። ከቋንቋ በላይ የሚከብደው ዝምታ ነው። «ካንሰር» የሚለው ቃል በብዙ ቤት አይነሣም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ከጨረር በኋላ ጸጉሩ ሲነቀል በኮፍያ ይሸፈናል። ጎረቤት ሲጠይቅ «ጉንፋን ነው» ይባላል። ሰው ዓይን ያወጣል፣ ቡዳ ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ነገ ማን ያገባታል የሚል ሥጋት ይጨመራል። የዘር በሽታ የሚል ቃል ከተነሣማ የአባትና የእናት ወገን «ከእናንተ ነው፣ ከእናንተ ነው» እየተባባለ ይጣላል። የሚገርመው በዚህ የዘር በሽታ ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ከማንም ሳይወርሱት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ላይ የተፈጠረ መሆኑ ነው። የሚወቀስ ወገን የለም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ይህን አይተው ነው። ጠበል የሚጠጣ ይጠጣ፤ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ። እምነትና ሕክምና የተጣሉበት ጊዜ የለም። የሚያጣላቸው የኤምአርአይ ቀጠሮውን ትቶ የሄደ ሰው ብቻ ነው።

በአገር ቤት ዝምታውን የሰበሩ ወላጆች አሉ። በአዲስ አበባ «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ» የተባለው ድርጅት በ2004 የተመሠረተው ሕፃን ልጃቸውን በካንሰር ባጡ ወላጆች ነው፤ ስሙም የልጃቸው ስም ነው። ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው ከመያዝ ለሌላው ልጅ አዋሉት። ይህን ያደረጉት ደግሞ ለሃያ ዓመታት ያህል መላው አገር የሚታከምበት የጨረር ቦታ አንድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በነበረበት፣ መሣሪያውም ያው ካናዳ ከሰባ ዓመት በፊት የጀመረችው የኮባልት ዓይነት በነበረበት ምድር ነው። ሁለት ሆስፒታል በአንድ ጎዳና ላይ ያገኘ የቶሮንቶ ማኅበረሰብ ከዚያ ያነሰ ለመሥራት ምን ምክንያት አለው?

ፋይሉ ሳይጠፋ

የተረሱ ሰዎችም አሉ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በልጅነታቸው ጨረር የወሰዱት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። አንዳንዶቹ በካናዳ፣ አንዳንዶቹ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በሌላ አገር ታክመዋል። «በልጅነቴ ዓይኔን ታምሜ ነበር» ከማለት በቀር ስንት ግሬይ እንደወሰዱ፣ ጨረሩ በየት በኩል እንደገባ የማያውቁ ይኖራሉ። ነገር ግን የሆርሞን፣ የደም ሥርና የሁለተኛ ዕጢ አደጋ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይመጣል። የሚከታተላቸው ሐኪም ይህን ታሪክ ካላወቀ ራስ ምታቱን እንደ ማንኛውም ራስ ምታት ያየዋል።

በኦንታሪዮ ሕግ ሆስፒታል የልጅን የሕክምና መዝገብ እንዲያቆይ የሚገደደው ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ለአሥር ዓመት ነው። 28 ዓመት ያለፈው ሰው መዝገቡ ሊወገድ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሕክምናው ሲያልቅ የጨረሩን መጠን፣ የመድኃኒቶቹን ስምና ቀኖቹን የያዘ ማጠቃለያ በጽሑፍ ጠይቀው ከልደት ወረቀቱ ጋር ያኑሩት። ጎልማሶቹም ጊዜ ሳያልፍ ይጠይቁ። «ፖጎ» እየተባለ የሚጠራው የኦንታሪዮ የሕፃናት ካንሰር ተቋም በልጅነታቸው ካንሰር ለታከሙ ሰዎች የተዘጋጁ የክትትል ክሊኒኮች አሉት። ካደጉም በኋላ የሚታዩበት አለ፤ አንዱ በዚያው በፕሪንሰስ ማርጋሬት ነው።

ዕይታ ከቀነሰ በኋላ

ዓይኑ ያልተመለሰለት ልጅ ምን ይሁን? በብዙ ቤት የሚሆነው ይታወቃል። ልጁ ይታዘንለታል፤ ውኃ እንኳ ራሱ አይቀዳም፤ ከእንግዳ ፊት አይቀርብም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ልዩ ድጋፍ የሚወሰንበትን ስብሰባ ሲጠራ ወላጅ «ልጄን ሰነፍ ሊሉት ነው» ብሎ ፊርማውን ይከለክላል። ፊርማው ግን ስም ማጥፊያ አይደለም። በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ፣ ብሬል፣ ለፈተና የሚሆን ተጨማሪ ጊዜና ልዩ አስተማሪ የሚገኘው በእርሱ ነው። በብራንትፎርድ ከተማ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከ1872 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ ሲኤንአይቢ የተባለውም ድርጅት ከ1918 ጀምሮ አለ። የእነዚህን በር የሚያንኳኳ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልመና የሚለምን አይደለም፤ የልጁን መብት የሚጠይቅ ነው።

ዓይን ማጣት የዕውቀት መጨረሻ እንዳልሆነ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ዓይነ ስውር መሪጌታ ቅኔ ሲዘርፍ የሰማ፣ በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩ መምህራንና የሕግ ሰዎች ያየ ሕዝብ ነው። በወሎ የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዕይታዋን አጣች። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትከራከር በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ከወሎ ገጠር ተነሥታ ይህ የተቻለላት በቤት ውስጥ ስላልተደበቀች ነው።

ማኅበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ዕድሩ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጅን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ቀጠሮ ላይ አብሮ ተቀምጦ የሚሰማና የሚጽፍ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሌሎቹን ልጆች ለአንድ ቀን የሚይዝ ጎረቤት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ የሚያስተዛዝን ማኅበረሰብ በሕይወት ላለ ልጅ በወር አንድ ቀን ማዋል አያቅተውም።

ከዚያም አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ካሉት ክፍሎች በአንዱ ሐኪሙ ሥዕሉን እያሳየ «ዕጢው ቆሟል» ሲል፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ትምህርት ቤቷ ትሁን። ከእናትየው ጎን አስተርጓሚና አንድ የወገን ሰው ይቀመጡ። እግዚአብሔር ይመስገን ይባል፤ የሚገባ ነውና። ከምስጋናው ቀጥሎ ግን እናትየው አንዲት ቃል ትጠይቅ፦ «ዓይኑስ?»